ቀይ ነጥብ ያለባት ራም

ሰው ሲፈራ ልቡ ይመታል ይባላል። ነጥቤ ግን ስትፈራ እጇ ሥራ ይፈልጋል። ከታክሲ ወርዳ ወደ ዳኛዋ ቤት የሚወስደውን ዛፍ የበዛበት መንገድ ስትይዝ፣ የመሣሪያ ቦርሳዋን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ትከሻዋ እያዘዋወረች፣ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረች። ክሩ ግን አልተፈታም ነበር።

መንገዱ ረዘም ይላል። ታሪኩን ከመሀል ለያዛችሁት፣ እሷ በሩ ጋ እስክትደርስ ጥቂት ላውጋችሁ።

ነጥቤ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ገበያው ያወጣላት ነው። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅባት የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ አለቻት። ከዚያች ሱቅ ማንኛውም ዕቃ ሳይፈተሽ አይወጣም። ፈትሻ ደህና መሆኑን ስታረጋግጥ ከመሳቢያዋ ቀይ የጥፍር ቀለም ታወጣና አንዲት ነጥብ ታሳርፍበታለች። ጥፍሯን ተቀብታ ያያት ሰው ግን የለም፤ ቀለሙ ለዕቃ ነው። ገበያው ውስጥ «የነጥቤ ነጥብ ካለበት ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ይባላል። አባቷ በዚያው ገበያ የሰው ዕቃ በጀርባው እየተሸከመ ያሳደጋት ልጅ ናትና ከዚህ ስም ሌላ ሀብት የላትም።

የዳኛዋ ልጅ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ነው። አንድ ቀን «በገዛ እጄ ኮምፒውተር መገጣጠም እፈልጋለሁ» ብሎ ሱቋ ገባ። ዕቃውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ጭኖ መሄድ የሚችል ሰው ሳለ፣ መጀመሪያ ባዶ ሳጥኑን ብቻ ገዝቶ ሄደ። በሳምንቱ መጥቶ ፓወር ሰፕላዩን ገዛ። በሚቀጥለው ሳምንት ማዘርቦርዱን። አንድ ጊዜማ በዶፍ ዝናብ፣ ለአንዲት ብሎን ብቻ መጣ። ጎረቤቷ፣ ባለ ሞባይል ቤቱ፣ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ኮምፒውተር ነው ወይስ ፎቅ የሚሠራው?» አለና ከዚያ ወዲህ ስሙ ዶክተር ብሎን ሆኖ ቀረ። ብሎን ፍለጋ የሚመላለስ ሰው ዓይኑ ብሎኑ ላይ እንዳልሆነ ነጥቤም ታውቃለች፣ ገበያውም ያውቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳጥኑም ሞላ፣ የሁለቱም ልብ ሞላ።

ራሞቹን የገዛ ዕለት አይረሳትም። ራም ማለት ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ሳለ የያዘውን ነገር ሁሉ ለጊዜው የሚያኖርባት ቀጭን ሰሌዳ ናት፤ በአንድ ጎኗ ወርቃማ ጥርሶች ተደርድረውባታል። «ይቺም ጥርስ አላት እንዴ?» ብሎ አስቋት ነበር። ሁለት ገዛ። እሷም ለደንበኛ ሁሉ የምትለውን አለችው፤ «እስክትገጥማት ድረስ ከፕላስቲኳ አታውጣት። ሹራብ አታስነካት። ሹራብ ስታወልቅ ጠጠጥ የሚለው ኤሌክትሪክ ይገድላታል።» እሱ ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ ግን ከንፈሯ ላይ ነበር።

በመጨረሻ የተገናኙ ዕለት፣ ስለ አንደኛዋ ብቻ ሲያወራ ሰምታ፣ እንደ ዋዛ «ሁለተኛዋስ ራም እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀችው። ደንገጥ አለና «ደህና ናት» አላት። ከዚያም ሲሰናበታት «እሑድ ስላንቺ ለእናቴ እነግራታለሁ» ብሏት ሄደ። እሑዱ መጣ፣ አለፈ። ሌላም እሑድ ተከተለ። እሱ አልመጣም፤ ብትደውልለትም ስልኩን አያነሳም። ዛሬ ጠዋት ግን እናቱ ደወሉ።

«ለልጄ ራም የሸጥሽለት አንቺ ነሽ? ቀይ ነጥብ ያለበትን? መሣሪያሽን ይዘሽ ነይና የሸጥሽውን እዪ» አሉና ዘጉት።

ነጥቤን ያስፈራት የእናትየው ቁጣ ብቻ አይደለም። ያን ዕለት ራሞቹን ስትፈትሽ ሰውዬው አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ሲያስቃት፣ ስታየው፣ መልሳ ስታፍር… ፈተናው ሳያልቅ ነጥቡን አሳርፋው ቢሆንስ? ባስታወሰችው ቁጥር አንዴ «ጨርሼ ነው» ትላለች፣ አንዴ ደግሞ «እንጃ» ትላለች። ራሟ ከሱቅ ስትወጣ የተበላሸች ከሆነ ነጥቧ ውሸት ነው። ነጥቧ ውሸት ከሆነ ደግሞ እሱም ገበያውም ሊያምናት አይችልም። በሩ ጋ ደርሳ ደወሉን ተጫነች።

*

በሩን የከፈተላት እሱ ነው። እናቱ በእጃቸው የሠሩለትን፣ ደረቱ ላይ ኪስ ያለውን አረንጓዴ ሹራቡን ለብሷል። ከስቷል። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሀል እንኳ «ምነው እንዲህ ከሳ?» የሚል አሳብ መጣባት።

«ይግቡ» አላት፣ ወለሉን እያየ።

ክው አለች። ያን ሁሉ ወር «ነጥቤ» ሲላት የኖረ አፍ ዛሬ «ይግቡ» አላት! በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር።

«አመሰግናለሁ ዶክተር» አለችው እሷም፣ ድምፅዋን አቅንታ።

እናቱ ከምግብ ጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጠዋል። ዳኛዋ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ አቀማመጣቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ጎኑ ተከፍቶ ሆድ ዕቃው ይታያል። ነጥቤ አንድ በአንድ የሸጠችለትን ዕቃ ሁሉ አየችው። ሽቦው በሥርዓት ታስሯል፤ ብሎኖቹ አንድም ሳይጎድሉ በቦታቸው አሉ፤ ያቺ በዝናብ የመጣላትም ሳትቀር። እንዲህ ተጠንቅቆ የሠራው ሰው አሁን ጥግ ይዞ ቆሟል።

«ነጥብ የምታስቀምጪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እትዬ።»

«ነጥቡ ምን ማለት ነው?»

«ፈትሼዋለሁ፣ ደህና ነው ማለት ነው።»

«ምስክርነት ነዋ።»

«አዎ እትዬ። ምስክርነት ነው።»

«ጥሩ። እንግዲህ የመሰከርሽለትን ስሚው» አሉና ለልጃቸው በዓይናቸው ምልክት ሰጡት።

ዶክተር ብሎን ጎንበስ ብሎ አንድ ፋይል ከፈተ። ከድምፅ ማጉያው የአንድ ጎልማሳ ድምፅ ወጣ፤ ሞቅ ያለ፣ ነፋስ ከጀርባው የሚሰማበት ድምፅ። «እንደምን ሰነበትሽ የኔ እመቤት። እዚህ ሙቀቱ አይጣል ነው። ያንን መሀ… ሽን… በደ… ይስ… ብኝ…» ድምፁ ተቆራረጠ፣ ተንጫጫ፣ እንደ ተሰበረ ሸክላ ተንኳኳ። ከዚያም ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ኮምፒውተሩ በራሱ ጠፍቶ እንደገና ተነሳ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ባለቤቴ መሬት ቀያሽ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ወራት ሙሉ ሜዳ ላይ ይከርማል። ደብዳቤ መጻፍ አይሆንለትም፤ በካሴት እየቀዳ ይልክልኝ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ካሴቶቹም አረጁ፣ ክራቸው ይበጠስ ጀመር። ልጄ ወደዚህ ወደሠራው ኮምፒውተር ገለበጠልኝ። የመጨረሻውን ካሴት ገልብጦ ሲያበቃ ቴፑ በላው። ከዚህ ውጭ የትም የለም። ገባሽ?»

«ገባኝ እትዬ።»

«ደህና ስሰማው ቆይቼ ነው በቅርቡ እንዲህ የሆነው። ልጄ ‹ራሟ ሳትሆን አትቀርም› አለኝ። ከፍቼ ባይ ያንቺ ነጥብ አለበት፤ ስልክሽን ከደረሰኝሽ ላይ አገኘሁት።» «የዚህን ሰው ድምፅ ያጠፋ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የዚህን ቤት ደጃፍ አይረግጥም።»

ነጥቤ ቀና ብላ ዶክተር ብሎንን አየችው። አንድ ቃል፣ ቢያንስ አንድ ዓይን ጠበቀች። እሱ ግን የወንበሩን ጀርባ ጨብጦ እጁ ነጥቷል። ‹አመነ ማለት ነው› አለች በልቧ። ‹የተበላሸ ዕቃ እንደሸጥኩለት አምኗል።›

*

ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቀለችው። ሥራ ስትጀምር ሁልጊዜ እንደምታደርገው መዳፏን የሳጥኑ ብረት ላይ አሳረፈች፤ ገላዋ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በብረቱ በኩል ይውጣ ብላ። ሁለቱን ራሞች ከማስገቢያቸው አወጣቻቸው። ሁለቱም ቀይ ነጥብ አለባቸው። የገዛ እጇ ያሳረፈችው ነጥብ እንደ ዓይን ትክ ብሎ አያት።

«ለምን ሁለቱንም አወጣሽ?» አሉ ዳኛዋ።

«አንድ በአንድ ነው የሚፈተሹት። አብረው ካሉ ጥፋተኛውና ንጹሑ አይለዩም።»

«ፍርድ ቤትም እንደዚሁ ነው» አሉ ሴትዮዋ፤ ፈገግ ግን አላሉም።

አንደኛዋን ራም ብቻ መልሳ ገጠመች። የመፈተሻው ፕሮግራም ያለበትን ፍላሽ ሰክታ ኮምፒውተሩን አስነሳችው። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮች ይሮጡ ጀመር። ፕሮግራሙ ራሟ ላይ ይጽፋል፣ የጻፈውን መልሶ ያነባል፤ የጻፈውና ያነበበው ካልገጠመ ቀይ መስመር ያወጣል። ጊዜ ይወስዳል። ከመጠበቅ ሌላ የሚደረግ ነገር የለም፤ የሚያስፈራውም መጠበቁ ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉ ዳኛዋ ድንገት።

«አባቴ ገበያ ውስጥ ተሸካሚ ነው እትዬ።»

«በሕይወት አለ?»

«አለ። ወገቡን ያመዋል እንጂ ሥራውን ዛሬም አልተወም።»

«ሲሸከም የሰው ዕቃ ሰብሮ ያውቃል?»

ነጥቤ ጥቂት አሰበች። «አንድ ጊዜ። ትልቅ መስታወት ነበር። ማንም አላየውም። እሱ ግን ለባለቤቱ ሄዶ ‹እኔ ነኝ የሰበርኩት› አለው።»

«ባለቤቱስ?»

«መጀመሪያ ሰደበው። ከዚያ ወዲያ ግን ከአባቴ ሌላ ተሸካሚ ጠርቶ አያውቅም።»

ጥግ ላይ የቆመው ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። ሁለቱም ዞረው ሲያዩት አንገቱን ደፋ።

የመጀመሪያው ፈተና አለቀ። አንድም ቀይ መስመር አልወጣም። ነጥቤ ደስ ሊላት ሲገባ ፍርሃቷ ባሰ፤ አንደኛዋ ንጹሕ ከሆነች የቀረችው አንድ ብቻ ናት። ሁለተኛዋን ገጥማ አስነሳችው። ጣቶቿን ጠረጴዛው ሥር ደብቃ አቆላለፈቻቸው። ‹እባክህ አምላኬ፣ የኔ ጥፋት ብቻ አይሁን። ሌላው ሁሉ ይሁን።›

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መጀመሪያ አንዲት ቀይ መስመር ብቅ አለች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቀላ። ዳኛዋ የኮምፒውተር ነገር ባያውቁም ቀይ ምን እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት አላስፈለጋቸውም።

«ቆይ» አለች ነጥቤ፣ እንባዋን እየዋጠች። «ጥርሷ ቆሽሾ ይሆናል። ማስገቢያውም ሊሆን ይችላል።» አጥፍታ ራሟን አወጣቻት። ከቦርሳዋ ላጲስ አውጥታ ወርቃማ ጥርሶቿን ልትፈገፍግ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበቻት። ያኔ አየችው።

ከጥርሶቹ መሀል አንዲት ቀጭን የክር ጭራ ተሰክታለች። ያም ሳያንስ ሰሌዳው ላይ ባሉት ትናንሽ ጥቁር ሳጥኖች ሥር ጥቃቅን የሱፍ ብናኝ ተጠቅጥቋል። የሱፉ መልክ አረንጓዴ ነው።

ቀና አለች። ፊት ለፊቷ ያ አረንጓዴ ሹራብ፣ ደረቱ ላይ ያ ኪስ። የኪሱ አፍ ሰፋ ብሎ ተለጥጧል፤ አንድ ቀጭን ጠንካራ ነገር ለብዙ ጊዜ ሲገባበትና ሲወጣበት እንደኖረ ኪስ። እሱም እያያት ነው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ፊቱ ላይ ያየችው ጥላቻ አልነበረም። እንደ እሷው የፈራ ሰው ነው የቆመው። ‹ሁለተኛዋስ እንዴት ናት?› ስትለው መደንገጡ ትዝ አላት። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት።

ነጥቧ ውሸት አይደለም። ፈትሻለች፣ ጨርሳ ነው የፈተሸችው። አፏን ከፍታ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ስሟ ንጹሕ ሆኖ ከዚህ ቤት ትወጣለች። ግን ሴትዮዋ ምን ነበር ያሉት? ማንም ይሁን ማን። ይህን የሚሉት ልጃቸው ላይ እንደሆነ ሳያውቁ ነው። ነጥቤ እናትና ልጅን አየቻቸው፤ ሰፊ ቤት ውስጥ ሁለት ብቻቸውን የቀሩ ሰዎች ናቸው። አንጀቷን በሉት።

ጭራዋን በጣቷ ነቅላ መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻት። ጥርሶቹን በላጲስ ፈገፈገች፣ ማስገቢያ ቀይራ ገጠመች፣ ደግማ ፈተነች። እንደገና ቀይ። ራሟ ሞታለች።

«ምን ትያለሽ?» አሉ ዳኛዋ።

«ራሟ ተበላሽታለች» አለች ነጥቤ። «ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ። በደንብ ሳልፈትሽ ነው ነጥብ ያስቀመጥኩባት።»

*

ዳኛዋ ወዲያው አልተቆጡም። ያ ነው ያስፈራት። መነጽራቸውን አጥልቀው ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ሁለት ጊዜ ጠየቅኩሽ። ምስክርነት ነው አልሽኝ።»

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲያው መሣሪያሽን ሰብስቢ።»

ነጥቤ ካቻቢቴዋን አንስታ ወደ ቦርሳዋ ስትከት መሬት ወደቀባት። ልታነሳው ስታጎነብስ ወንበር ሲገፋ ሰማች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር፤ የጮኸ ልጅ ድምፅ ነው። «እኔ ነኝ የገደልኳት። እሷ ደህና አድርጋ ነው የሰጠችኝ። ነጥቤ፣ መዳፍሽን ክፈቺው።»

‹ነጥቤ› አላት። እናቱ ፊት። ጣቶቿ ራሳቸው ተከፈቱ፤ አረንጓዴዋ ጭራ መዳፏ ላይ ታየች።

«አንዷን ብቻ ነበር የገጠምኳት» አለ፣ እየተንተባተበ። «ይቺኛዋን ከፕላስቲኳ አወጣኋትና ኪሴ ከተትኳት። እዚህ፣ ደረቴ ላይ። የሷ እጅ ያረፈበት ነጥብ ስላለባት ነው፤ ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም። ሥራ ቦታ፣ መንገድ ላይ፣ የትም ይዣት ስዞር ከረምኩ። ከዚያ ‹ሁለተኛዋስ?› ብላ ስትጠይቀኝ ደነገጥኩና ‹ደህና ናት› ብዬ ዋሸኋት። በዚያው ዕለት ቤት መጥቼ ገጠምኳት። ወዲያው የአባዬ ድምፅ መቆራረጥ ጀመረ። ምን እንዳደረግኩ ገባኝ፤ እሷን ለማየት አፈርኩ። አንቺ ነጥቡን አይተሽ ስትደውዪላት ደግሞ… ፈራሁ እማዬ። ስለ አባዬ ያልሽውን ስሰማ ፈራሁ።»

ነጥቤ ተነስታ ቆመች። ፍቅሩ ደረቷን ሞላው፤ ንዴቱም እኩል መጣ። «እና እኔ አጭበርባሪ ስባል ዝም ብለህ ቆምክ?» አለችው። «‹ይግቡ› አልከኝ!»

«እውነትሽን ነው» አለ። «የፈለግሽውን በዪኝ።»

ዳኛዋ ግን ሁለቱንም የሚሰሙ አይመስሉም። ጭራዋን ከነጥቤ መዳፍ አንስተው ብርሃን ላይ ይዘው አዩዋት። ራሳቸው የሠሩት ሹራብ ነው፤ ክሩን ያውቁታል።

«ደረት ኪስህ ውስጥ?» አሉ በዝግታ።

«አዎ።»

ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ተላወሰ፤ ነጥቤ ምን እንደሆነ አልገባትም። ድንገት ግን የሥራ አሳብ መጣባትና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ካሴቶቹን ስትገለብጥ ይቺ ራም ገብታ ነበር?»

«አልገባችም። ያቺ ደህናዋ ብቻ ነበረች።»

«እንግዲያው ድምፁ ዲስኩ ላይ በደህና ተጽፎ ይሆናል። የሚበላሸው ስትከፍቱት፣ በዚህች በሞተችው በኩል ሲያልፍ ነው። ግን… ይቺ ከገባች በኋላ ፋይሎቹን ነካክተሃቸዋል? ደግመህ አስቀምጠሃል?»

ዶክተር ብሎን ነጣ። «ይሄንን አሁን የሰማነውን… ላስተካክለው ብዬ ከፍቼው ነበር። አስቀምጬው እንደሆነ አላስታውስም።»

አስቀምጦት ከሆነ አበቃ፤ የተሰባበረው ድምፅ በደህናው ላይ ተጽፎበታል። ይህን ለዳኛዋ ማስረዳት አላስፈለገም፤ ከሁለቱ ፊት አነበቡት። ነጥቤ የሞተችውን ራም አውጥታ ደህናዋን ብቻ ገጠመች። ኮምፒውተሩ ተነሳ። ፋይሉን አገኘችው። ጣቷ ማውዙ ላይ ቀረ።

«እርስዎ ይክፈቱት እትዬ።»

«አልችልም» አሉ ዳኛዋ። «አንቺ ክፈቺው።»

ከፈተችው።

«እንደምን ሰነበትሽ የኔ እመቤት። እዚህ ሙቀቱ አይጣል ነው።» ሦስቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። «ያንን መሀረብሽን በደረት ኪሴ ይዤው ነው የምዞረው። ሠራተኞቹ ይስቁብኛል። ላቤን እንኳ አልጠርግበትም፤ ቢቆሽሽብኝ ምን ልይዝ ነው? ሞኝ ባል ነው ያለሽ፣ ቻዪው።»

ድምፁ አልተቆራረጠም። ነፋሱ እንኳ ከጀርባው ጥርት ብሎ ይሰማል። ዳኛዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ከድምፁ ጋር እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አዳመጡት፤ እያንዳንዱን ቃል በቃላቸው ያውቁታል። ሲያልቅ ዓይናቸውን ገልጠው ልጃቸውን አዩት።

«ሞኝነቱን እንኳ ከኔ አላመጣኸውም» አሉት። «አውልቅ ያንን ሹራብ። ኪሱን ልተረትረው ነው። ደረትህ ላይ ዕቃ ይዘህ ከምትዞር ልጅቷን ይዘህ ብትመጣ ኖሮ፣ የሷም ስም የኔም ጆሮ በተረፈ ነበር!»

ዶክተር ብሎን ሳይጠይቅ ሹራቡን በራሱ በኩል ሲስበው ጠጠጥ አለ።

«ከኮምፒውተሩ ራቅ በል!» ብላ ጮኸች ነጥቤ፣ በሁለት እጇ ሳጥኑን ሸፍና።

መጀመሪያ የሳቁት ዳኛዋ ናቸው። እሱ ፀጉሩ ቆሞ፣ ሹራቡን ተሸክሞ ግድግዳው ጋ ተለጥፎ ቀረ። ነጥቤም ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን ካቻቢቴው ከቦርሳው አፍ ጋር አልገናኝ አላት። ዳኛዋ አይተው እጃቸውን በእጇ ላይ አሳረፉ።

«ምነው ልጄ? አለቀ እኮ።»

«አሁን ነው የፈራሁት እትዬ።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አሉ ዳኛዋ፣ ልጃቸው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው። «ባለቤቴን ሁለተኛ ጊዜ የምቀብረው መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ግድግዳው ጋ ወደቆመው ሰው በአገጫቸው ጠቆሙ።

«ሞኝ ነው» አሏት። «ቻዪው።»

የነጥቤ ንዴት ገና አልበረደም፤ እሱንም ለሌላ ቀን ታቆይለታለች። እጇን ግን ከእሳቸው እጅ ሥር አልሳበችም።